የቴሌግራም የውስጥ መልእክት ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም

«ቴሌግራም ላይ በውስጥ መስመር የተጻጻፍነውን ከሁለታችን በቀር ማንም አያነበውም» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ተራው የውስጥ መልእክት የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ መፍቻ ቁልፉም በድርጅቱ እጅ ነው። አዲስ ስልክ ላይ ስትገቡ የድሮው ወሬ ሁሉ ተግተልትሎ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ከጽሑፍ መልእክቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ድርጅቱም ጭምር የማያነበው፣ «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው። ግሩፕ ላይ ጭራሽ የለም። ለማረጋገጥ የምታወሩትን ሰው ፕሮፋይል ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፤ «ስታርት ሲክሬት ቻት» የሚል ታገኛላችሁ። ሲጀመር ስሙ አጠገብ የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ከሌለ ተራ ቻት ላይ ናችሁ።

እባካችሁ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ተራ ቻት ላይ የመታወቂያ ፎቶና የቤት አድራሻ ከተላላካችሁ፣ የአንዳችሁ አካውንት የተጠለፈ ዕለት ጠላፊው ሁሉንም ያገኘዋል።