ከደብዳቤው ግርጌ ያለው አንቀጽ

ጀርመን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ያመለከትኩት የቤት ኪራይ ድጎማ ውድቅ ሆኗል ይላል። ቋንቋው ገና በደንብ ስላልገባኝ ጎረቤቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከላይ ያለውን አላነበቡትም። ቀጥ ብለው ወደ መጨረሻው ገጽ ሄዱና ግርጌ ላይ ያለውን አንቀጽ በጣታቸው አሳዩኝ። በውሳኔው ካልተስማማህ በአንድ ወር ውስጥ፣ በዚህ አድራሻ፣ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ትችላለህ ይላል። «ሁልጊዜ መጀመሪያ ይህንን አንብብ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ ውሳኔው ተለወጠ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የከለከለኝ መሥሪያ ቤት ራሱን የምከስበትን መንገድ ጽፎ ሰጠኝ። በኋላ ስጠይቅ ነገሩ የደግነት ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ። ሕግ ነው። ያ አንቀጽ ከደብዳቤው ከቀረ፣ የአንድ ወሩ ቀነ ገደብ ወደ አንድ ዓመት ይራዘማል። ጠበቃ ማማከር የፈለገ ድሃ ደግሞ በአካባቢው ፍርድ ቤት የማማከሪያ ወረቀት ይወስድና ለጠበቃው 15 ዩሮ ብቻ ይከፍላል። የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል።

እዚህም ፍትሕ አይዘገይም አልልም። ይዘገያል። የስደት ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ውስጥ ዓመታት የፈጀባቸው የአገሬ ልጆች አውቃለሁ። ግን የት እንዳሉ ያውቃሉ። የመዝገብ ቁጥር አላቸው፣ ደብዳቤ ሲጽፉ መልስ ይመጣላቸዋል።

አክስቴን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው። ባሏ ሲሞት ከዘመዶቹ ጋር በቤት ውርስ ተካሰሰች። ስድስተኛ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ተፈረደላት። ይግባኝ ተባለ። መዝገቡ እንደገና እንዲታይ ተመለሰ። ከዚያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ቀጠሮ። አንድ ቀን ስደውልላት ከችሎት ደጃፍ መመለሷ ነበር። «ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው አሉኝ» አለችኝ። ሥልጠናው ምናልባት በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ለእሷ ያ ቀን ሌላ ሦስት ወር ማለት ነው። የምትናገረው ተረት አለ፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች»። እሷ ግን እስካሁን ፍርዱንም አላየችም፤ ጭብጦዋም እየሄደች ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በአንድ የአበሻ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ክርክር ነው። አንድ ፊርማ ማሰባሰቢያ ወረቀት ዞረ። የውጭ መንግሥታት የኢትዮጵያን የፍትሕ ሥርዓትና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በገንዘብም በግፊትም ይደግፉ ይላል። ግማሹ ሰው ለመፈረም ተሻማ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ነጭ ሕገ መንግሥት ሊጽፍልን ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ጭብጨባ ተቀበላቸው። እኔ ከሁለቱም ጋር መቆም አቃተኝ። ምክንያቱም የውጭ ድጋፍ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ዓይነት ነገርም አይደለም።

በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥታችንን እናስታውስ። ያረቀቁት ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ያዩት ደግሞ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ማንም አላስገደዳቸውም። ከአውሮፓ ውጭ ሆኖ፣ ነጻነቱን ሳያጣ የሠለጠነ አገር ፈልገው አገኙ። ያ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ሁሉ ለንጉሡ የሰጠ ነበር፤ ለእሱ ጠበቃ አልቆምም። ፍለጋው ግን የራሳችን ነበር።

ከዚያ የሕግ መጻሕፍቱ ዘመን መጣ። በ1949 የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን አረቀቁት። በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ጻፉትና ወደ አማርኛ ተተረጎመ። 3367 አንቀጽ አለው። የኢትዮጵያ ኮሚሽን አይቶታል፣ አርሞታል። ሥራው ግዙፍ ነው፤ አክስቴ የምትከራከርበት የውርስ ሕግ ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። ግን አንቀጽ 3347ን አንብቡ። ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ከዚያ በፊት የነበረውን፣ በጽሑፍም ይሁን በልማድ፣ ይሽራል። በአንድ አንቀጽ የስንት አካባቢ ልማድ ተሻረ። ሕዝቡ ግን አልተሻረም። ሽማግሌው ዋርካ ሥር መቀመጡን ቀጠለ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን የሚያቆመው ሰው ያንን ሁሉ አንቀጽ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕግ ይዘን እንኖራለን፤ አንዱ በመጽሐፍ፣ አንዱ በሰው ልብ።

ያኔ ድጋፍ ማለት ምሁር አምጥቶ ማስጻፍ ነበር። አሁን ጀርመኖቹን ልጨምርበት፤ እነሱም ሕገ መንግሥታቸውን የጻፉት የውጭ ጦር አገራቸው ላይ ተቀምጦ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1948 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደራዊ ገዥዎች የጀርመን ክፍለ ግዛት መሪዎችን ፍራንክፈርት ጠርተው ሕገ መንግሥት አዘጋጁ አሏቸው። ዴሞክራሲያዊ ይሁን፣ ፌዴራላዊ ይሁን፣ የግለሰብ መብት ያስከብር። ቅድመ ሁኔታው ይህ ነበር። ጽሑፉን ግን ቦን ላይ የተቀመጡ 65 ጀርመናውያን ጻፉት። ከመካከላቸው አራቱ ብቻ ሴቶች ናቸው። አንዷ ኤሊዛቤት ዜልበርት የምትባል የሕግ ባለሙያ ናት። «ወንዶችና ሴቶች እኩል መብት አላቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይግባ አለች። ውድቅ ተደረገባት። ከከተማ ከተማ እየዞረች ለሴቶች ተናገረች። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ1949 መጀመሪያ ላይ ገባ። ዛሬም አንቀጽ 3 ላይ አለ። ከውጭ የመጣው ማዕቀፉ ነው፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስገባችው ግን የአገሬው ልጅ ናት።

ቅርባችን ኬንያም አለች። ከ2000ው ዓ.ም. የምርጫ ደም መፋሰስ በኋላ ረቂቁን እንዲጨርስ ዘጠኝ ባለሙያዎች ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ሦስቱ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ከኡጋንዳ፣ ከዛምቢያና ከደቡብ አፍሪካ። ስድስቱ ኬንያውያን ናቸው። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያው ሕገ መንግሥት የቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ ሻረ። ኬንያ ችግሯ አልቋል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ዳኛ በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው «ይደገም» ሲለው ማየት ለእኛ ለጎረቤቶች ትልቅ ነገር ነበር።

ወደ እኛ ስመለስ የሚያሳዝነኝ ችግሩን ሳናውቀው አለመቅረታችን ነው። በ1997 ዓ.ም. በውጭ ድጋፍ የተሠራ አንድ ሰፊ የፍትሕ ሥርዓት ጥናት ነበር። ሦስት ነገር በግልጽ አስቀመጠ። ፍትሑ ለድሃው ተደራሽ አይደለም። ሙስናን፣ የሥልጣን አላግባብ አጠቃቀምንና የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ለማስቆም ጠንካራ እርምጃ አልተወሰደም። የፍትሕ ተቋማቱ በጀትም አነስተኛ ነው። ከሦስቱ በእርዳታ ለመሥራት የሚቀለው የትኛው ነው? ሦስተኛው። ኮምፒውተር ይገዛል፣ አዳራሽ ይታደሳል፣ ሥልጠና ይሰጣል። ሁለተኛውን ግን የትኛውም ለጋሽ ገዝቶ ሊያመጣው አይችልም። የመንግሥት ፈቃድና የዜጋ ጩኸት ይፈልጋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራው ክፉኛ ተጎዳ። ስንት የተደበደበች ሴት የምትሄድበት አጣች። አዋጁ በ1113/2011 እስኪተካ አሥር ዓመት ቆየ። በመንግሥት መፍረድ ቀላል ነው፤ ፈርጄበታለሁም። ግን እኛ የት ነበርን? ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤት ሥራ ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ለአንድ ነጻ የሕግ ማዕከል የጠበቃ ደመወዝ ለመክፈል ተሰብስበን አናውቅም። የውጭ ገንዘብ ሲዘጋ ሁሉም ነገር የቆመው አጠገቡ የቆመ የአገር ሰው ገንዘብ ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆምም ይኸው ድንጋጤ ተደገመ።

ሕገ መንግሥቱን በሚመለከት ደግሞ እዚህ ያለን ሰዎች የመገንጠል መብትን ስለያዘው አንቀጽ 39 ስንከራከር እናድራለን። እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከአንቀጽ 82 እስከ 84 ያለው ነው። አንድ ሰው ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጣሰ ሲል ወዴት ይሂድ? ጀርመን ውስጥ ካርልስሩኸ የሚባል ከተማ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አለ። ማንም ሰው ያለ ጠበቃ፣ ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል። የሚሳካለት በጣም ጥቂት ነው። ዳኞቹ 16 ናቸው፤ ለ12 ዓመት ይሾማሉ፣ ሁለተኛ አይመረጡም። ስለዚህ ለቀጣዩ ሹመት ብለው የሚለማመጡት ሰው የለም። እኛ ጋ አቤቱታው 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክንያት አለው። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ከሆነ፣ የሚተረጉሙትም ወኪሎቻቸው ይሁኑ ተባለ። ሐሳቡን አከብራለሁ። ሆኖም ፖለቲከኛ በፖለቲከኛ ጉዳይ ላይ ሲፈርድ አቤት ባዩ ዜጋ እምነት አያድርበትም።

በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም አጣሪ ጉባኤው የሕግ ባለሙያዎችን ጠርቶ በቴሌቪዥን አከራከረ። እዚህ ሆኜ እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት። በውጤቱ የተከፋ ብዙ ነው፤ የተከፋበትም ምክንያት ነበረው። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥት በአማርኛ፣ በሕዝብ ፊት፣ በአገር ሰዎች አንደበት ሲተነተን አየሁ። አክስቴ እንኳ «ያ መነጽር ያደረገው ልጅ ጥሩ ተናገረ» ብላ ደወለችልኝ። ባለሙያ አለን። አድማጭም አለን።

የውጭ ድጋፍ እዚያ ላይ ቢጨመር እጄን አወጣለሁ። ክርክሩ በየከተማው በየቋንቋው እንዲቀጥል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሁሉ ታትሞ ለማንም በነጻ እንዲደርስ፣ ድሃ ጠበቃ እንዲያገኝ። ረቂቅ ይዞ የሚመጣውን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሪፖርቱን አስረክቦ የሚሄደውን ግን አልፈርምለትም። ያንን ወረቀት ያልፈረምኩትም ለዚህ ነው። ለሽማግሌውም ይህንኑ ነገርኳቸው።

ያ የደብዳቤ ግርጌ አንቀጽ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ለእሱ የለጋሽ ገንዘብ አያስፈልገውም። አገራችንም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አላት። ዜጋ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲበደል ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ የከፈተ ሕግ ነው። አንድ የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በእጁ በየቀኑ የውድቅታ ደብዳቤ ያልፋል። ባለፈው ወር የጎረቤቴን አንቀጽ ወደ አማርኛ መልሼ ላኩለት። ሦስት መስመር ነው፤ ማን ዘንድ፣ በስንት ቀን፣ በምን መልክ። ደብዳቤዎቹ ግርጌ እንዲገባ ለአለቃው አቅርቦታል። አለቃው «ሰው ሁሉ ተቃውሞ ይዞ ቢመጣብንስ?» ብለው እንደጠየቁት ትናንት ማታ በስልክ ነገረኝ። «ምን ልበላቸው?» አለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት አብረን መልሱን ስንጽፍ አመሸን።