ስታቲስቲክሱን ከሐይቁ ዳር እንጀምረው

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የምሰማት ጥያቄ አለች። ተማሪው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ዳታው ተሰብስቦ ኤክሴል ላይ ተሞልቷል። የመመረቂያ ጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ደርሷል። «ቲቸር፣ የትኛውን የስታቲስቲክስ ቴስት ልጠቀም?» ይለኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጥያቄው መነሳት የነበረበት ገና መረቡ ውኃ ውስጥ ሳይገባ ነበር። ግን በልጁ አልፈርድም። እኔም ያለፍኩበት ነው።

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት በሐዋሳ ሐይቅ፣ ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ ላይ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ያለው ዓሣ፣ በአሞራ ገደል በኩል ካለው በመጠን ይለያል ወይ? ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ከየቦታው 30 ዓሣ ለካሁ። የሁለት ቡድን አማካይ መለያየቱን የሚፈትሸውን ቲ-ቴስት ሠራሁ። ፒ-ቫሉው (ትርጉሙን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ) ልዩነት አለ ለማለት ከተለመደው ወሰን፣ ከ0.05፣ በጣም አንሶ መጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዲፌንሱ ዕለት ፈታኙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የሁለቱ ቦታ መረብ ቀዳዳው እኩል ነበር?»

አልነበረም። የአንዱን ቦታ ዓሣ ከአንድ አስጋሪ፣ የሌላውን ከሌላ አስጋሪ ነው ያገኘሁት። ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ ትንንሹን ዓሣ ያሳልፋል፣ ትልልቁን ያስቀራል። የለካሁት የሐይቁን ልዩነት ይሁን የመረቡን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።

ሌላም ጉድ ነበረበት። የየቦታው 30 ዓሣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መረብ የተያዘ ነው። ወረቀቴ ላይ «የናሙና ብዛት 30» ብዬ ጽፌያለሁ። እውነቱ ግን ከየቦታው አንድ መረብ፣ አንድ ሌሊት ነው። 300 ዓሣ ብለካም ያው አንድ ነው። እንዲያውም ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ፒ-ቫሉው እያነሰ፣ ስህተቱ እውነት እየመሰለ ይሄዳል። ማድረግ የነበረብኝ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መረብ፣ በተለያዩ ነጥቦችና በተለያዩ ሌሊቶች መጣል ነበር። እንደዚያ ቢሆን ከየመረቡ ጥቂት ጥቂት ዓሣ መለካት በቂ ነበር።

ባዮስታቲስቲክስ ሳልማር ቀርቼ አይደለም። ተምሬያለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቻለሁ። ቁጥሮች ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካውን የቫሪያንስን ቀመር በቃሌ አውቀው ነበር። የተማርኩት ግን ከከረጢት ውስጥ ስለሚወጡ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች ነው። ከኳሱ ተነስቶ መረቡ ጋ የሚያደርሰኝ መንገድ አልነበረም።

ብዙ ተማሪ «ባዮሎጂ የመረጥኩት ሒሳብ ስለማልወድ ነው» ይላል። ይገባኛል። ግን ስታቲስቲክስን ከሒሳብ ክፍል የመጣ ባዕድ አድርገን ስላቀረብንለት ነው የሚፈራው። ቲ-ቴስት የተወለደው ከገብስና ከብቅል ጋር ነው። ዊልያም ጎሴት ደብሊን ውስጥ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከጥቂት ናሙና ተነስቶ መፍረድ ስለነበረበት ዘዴ ፈለገ። በ1908 እ.ኤ.አ. «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመው። ሮናልድ ፊሸር ደግሞ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠራ። የብዙ ቡድኖችን አማካይ የሚያነጻጽረውን አኖቫን ያዳበረው እዚያ፣ የማሳ ሙከራ ውጤቶች መሀል ሆኖ ነው። ይኸው ፊሸር በ1938 እ.ኤ.አ. ሙከራ ካለቀ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያን ማማከር ብዙ ጊዜ አስከሬን መርምርልኝ እንደማለት ነው ብሏል። ባለሙያው ምናልባት ሙከራው በምን እንደሞተ ይናገር ይሆናል። የእኔ ጥናት በምን እንደሞተ ፈታኙ በአንድ ጥያቄ ነግረውኛል።

ፒ-ቫሉንም ቢሆን አብዛኞቻችን የምናውቀው እንደ ማለፊያ ነጥብ ነው። ከ0.05 በታች ከሆነ አለፍን፣ በላይ ከሆነ ወደቅን። የሚለው ግን ሌላ ነው፦ በሁለቱ ቦታ ዓሣ መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር፣ ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድላችን ስንት ነው? ስለ መረቡ ቀዳዳ ምንም አያውቅም። ልዩነቱ ለአስጋሪው ኑሮ ትርጉም ይኑረው አይኑረውም አይናገርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሐዋሳ ላይ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ የመጀመሪያውን የስታቲስቲክስ ክፍለ ጊዜ ሐይቁ ዳር ይማር። ጠዋት አስጋሪዎቹ ሲመለሱ አስፈቅደን፣ እያንዳንዱ ቡድን ማስመሪያና ሚዛን ይዞ አሥር ቆሮሶ ይለካ። አማካዩን ያውጣ። ከዚያ የሁሉም ቡድን አማካይ ጎን ለጎን ይጻፍ። ሐይቁ አንድ፣ ጠዋቱ አንድ፣ አማካዩ ግን በየቡድኑ የተለያየ ይሆናል። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ የስታቲስቲክስን ዋና ጥያቄ ጠየቀ። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ቢመጣ የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል።

ሶፍትዌሩ አያሳስበኝም። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ኤስፒኤስኤስም ሆነ ሌላው በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። የሚያሳስበኝ አማካሪው ፊርማውን የሚያኖርበት ሰዓት ነው። ከመፈረሙ በፊት ተማሪው አንድ ገጽ ይጻፍ፦ የምቆጥረው ዓሣውን ነው ወይስ መረቡን? ስንት ጊዜ እደግማለሁ? ከጥያቄዬ ውጭ ውጤቱን ሊያዛባ የሚችለው ምንድን ነው?

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ ኅዳር ላይ መጣች። ፍላሽ አልያዘችም። በእጇ የሣለችው የሐይቁ ካርታ ነበራት፤ መረብ የሚጣልባቸው ቦታዎች በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ሁለቱን ምልክቶች በጣቷ እያሳየች «ቲቸር፣ እነዚህ በጣም አልተቀራረቡም?» አለችኝ። ወንበር ሳብኩላትና ቁጭ ብለን ካርታውን እንደገና ሣልነው።