በኪሎ የተሸጠው መዝገብ

የአዳማ ልጆች፣ ይህን አይተን እንዳላየን ልናልፍ አንችልም።

በሰኔ መጨረሻ በከተማችን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ለኮምፒውተር ክፍል ቦታ ተፈለገና የድሮው መዝገብ ቤት ተጠረገ። ሮስተሮቹ (የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የዓመት ውጤት የሚሰፍርባቸው መዝገቦች)፣ የማርክ ሊስት ጥራዞቹ፣ የስም መጥሪያዎቹ፣ ልባሳቸው ላይ «ናዝሬት» የሚል የተጻፈባቸው ሳይቀሩ ደጅ ተቆለሉ። ለጊዜው ነው ተባለ። ሁለት ሌሊት ዘነበባቸው። በሦስተኛው ቀን ቆራሌው ሚዛኑን ይዞ መጣ፤ ደረቁን መርጦ በኪሎ ገዛ፣ የራሰውን ትቶ ሄደ። ቅዳሜ ጉሊት ላይ በርበሬ የተጠቀለለው በ1960ዎቹ ተማሪዎች ውጤት ነበር። ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የሁለቱ መንፈቀ ዓመት ማርክ፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን፤ ሁሉም በአንድ ስም ጠሪ መምህር እጅ፣ ሥርዝ ድልዝ ሳይኖርበት የተጻፈ።

ዘበኛው አይቷል። መምህራኑ ክምሩን ዞረው ወደ ክፍል ገብተዋል። ወላጅም አይቷል። «ተዉ» ያለ አንድ ሰው ጠፋ!

ምን እንደተሸጠ እንወቅ። የብሔራዊ ፈተና ውጤት አዲስ አበባ ይፈለጋል። የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛ ክፍል ማርክ ግን ዋናው ሰነድ ያለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ትራንስክሪፕት የሚሠራው ከሮስተር ተገልብጦ፣ ተመሳክሮ፣ ማኅተም አርፎበት ነው። ሮስተሩ ከጠፋ ሠራተኛው ምን አይቶ ይፈርም? ቤቱ ተቃጥሎ ካርዱ የጠፋበት ሰው ከዚያ መስኮት ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከማርኩ በላይ የሚያመው ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘምቱ ወንበራቸው ባዶ ቀረ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። በዚያን ጊዜ ጥራዞች በአንዳንድ ስም ትይዩ ማርኩ እስከ አንደኛው መንፈቀ ዓመት ይደርስና ሌላው ሣጥን ሁሉ ባዶ ነው፤ ዳር ላይ «አቋርጧል» ይላል። ልጇ ወጥቶ ለቀረባት፣ መቃብሩን ለማታውቅ እናት ያቺ መስመር ምን እንደሆነች አስቡት። በርበሬ ተቋጠረባት።

እኛስ? ኢዮቤልዩ ሲደርስ ቲሸርት አሳትመን፣ ኬክ ቆርሰን፣ በር ላይ ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን። አዳማ ጎድጓዳ ላይ መሆኗን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዙሪያው ኮረብታ ጎርፍ እንደሚወርድባት እያወቅን፣ የመዝገብ ቤቱ ቆርቆሮ ያፈስ እንደሆነ ቀና ብሎ ያየ ከመካከላችን ማን ነው? ሠራተኞቹን ከመውቀሳችን በፊት ይህን እንመልስ።

የቀረ አለ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቆራሌው የተወውን ኮሪደር አስገብታዋለች። ርሶ ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ወረቀት ይሻግታል፤ ይኼኛውም ጀምሮታል። የተጣበቀውን ገጽ በኃይል አትገንጥሉ፣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ይኮማተራል፤ ጥላና ነፋስ ይበቃዋል። በየጥቂት ገጹ ነጭ ወረቀት አስገቡ፣ ሲርስ ለውጡት፤ ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለም ይለቃል። የዛገውን ስፒል ንቀሉ። ሻጋታው የሚጠረገው ከደረቀ በኋላ፣ ደጅ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ነው። ሲመለስም የብረት መደርደሪያ ላይ፣ ከወለል አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ ምስጥ ግድግዳ ተከትሎ ይወጣልና።

ስልክ ያላችሁም ኑ። መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ገጽ በገጽ ይነሣ። የፋይሉ ስም ዓመት፣ ክፍል፣ ሴክሽን ይሁን። አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ስንቶቻችሁ እንደምትመጡ እንጃ። ከዚህ በፊትም ተጠርታችሁ የመጣችሁት ጥቂት ነበራችሁ፤ ጥቂትም ብትሆኑ ኑ። የጉሊት እናቶች፣ መስመር የተሰመረበት፣ ስም የተደረደረበት ገጽ እጃችሁ ከገባ፣ በርበሬ ቢነካውም መልሱልን። ሠራተኛዋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ አለች፤ ቁልፉም እሷ ጋ ነው።