አኩርፎ የት ይኬዳል?

የሰው ነገር ሰልችቶት በሸራ ጀልባ ወደ ውቅያኖስ የሚወጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያሰላው የባሕሩን ስፋት እንጂ የጀልባውን ጥበት አይደለም። ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አትላንቲክን በማቋረጥ የካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሲያ ለመድረስ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል፤ በሰዓት አምስት ወይም ስድስት የባሕር ማይል ለምትሄድ ጀልባ ይህ የሦስት ሳምንት መንገድ ነው። አራት ሰዎች ሦስቱን ሳምንት የሚገፉት በ12 ሜትር ርዝመት ውስጥ ስለሆነ፣ አንዱ ሲያዛጋ ሦስቱ ይሰሙታል፤ አንዱ ቅር ሲሰኝ ደግሞ ከእሱ በፊት ሦስቱ ያውቁታል።

ጠብ የሚነሣው በማዕበል ቀን አይደለም። ማዕበል ሲመጣ ሁሉም ወንድማማች ነው፤ የሚጣሉት ነፋሱ ከኋላ በልኩ እየገፋ፣ መሪውን አውቶፓይለት የሚባለው ራሱ የሚመራ መሣሪያ ይዞት፣ ሥራ ሲጠፋ ነው። የጠቡ ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ኩባያ ነው። የመጠጥ ውሃ በቁጠባ ስለሚታደል፣ ዕቃ በባሕር ውሃ ታጥቦ በጥቂት የመጠጥ ውሃ ብቻ እንዲለቀለቅ ሁሉም ተስማምቷል፤ ሆኖም ሌሊት አንዱ ብቻውን ወጥ ቤት ገብቶ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበትን የእግር ፓምፕ ሲረግጥ፣ የተኙ የሚመስሉት ሁሉ ዐይናቸውን ጨፍነው እርግጫውን ይቆጥራሉ። ሁለት የተፈቀደ ነው። አምስተኛው ሲሰማ ኩርፊያው ተጀምሯል፤ ሲነጋ ስለ ውሃ የሚያነሣ ባይኖርም፣ የማለዳው ሰላምታ አጠር ብሎ ይመለሳል።

በየብስ ላይ ያኮረፈ ሰው በር ወርውሮ ይወጣል፣ ስልክ አያነሣም፣ መንገድ ይቀይራል። በጀልባው ግን በር ሳይሆን መጋረጃ ነው ያለው፤ መጋረጃ ደግሞ የቱንም ያህል በቁጣ ቢጎተት አይጮኽም። ወደ ጀልባው አፍንጫ ልሂድ ቢል ውሃ ይረጨዋል፤ በዚያ ላይ በጨለማ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ የደኅንነት ቀበቶውን ከጀልባው ጋር ማያያዝ ግዴታው ስለሆነ፣ ታስሮ ያኮርፋል። ከሁሉ የሚብሰው የአልጋው ጉዳይ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ እንቅልፍ የሚገኘው መሐል ላይ ባሉት ጥቂት አልጋዎች በመሆኑ፣ ተረኛው ሲነሣ ከጥበቃ የወጣው ይገባበታል፤ እናም ለሁለት ቀን ቃል ያልተለዋወጡ ሰዎች በየአራት ሰዓቱ የአንዱን ሙቀት አንዱ ይወርሳል።

ዝምታውም ቢሆን ሙሉ ሊሆን አይችልም። ነፋስ ሲያይል ሸራ ማሳጠር ግድ ነው፣ ሸራ ደግሞ በኩርፊያ አያጥርም። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ “ያዝ”፣ “ልቀቅ”፣ “አላላው” ወደሚሉ ትእዛዞች ይወርዳል፤ በእኔ ግምት እነዚህ ከብዙ አማላጅ የበለጠ ሰው አስታርቀዋል፣ ልቀቅ የተባለው ሳይለቅ ቀርቶ አዲስ ጠብ የሚነሣበት ጊዜ ቢኖርም።

እንግዲያው ብቻዬን ልሂድ የሚል ይኖራል። ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1898 ባደረገው ጉዞ ዓለምን ብቻውን በሸራ ጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከአዞረስ ደሴቶች እንደተነሣ ፕሪምና ነጭ አይብ ደርቦ በልቶ ክፉኛ ታመመና ወለል ላይ ወደቀ፤ በሰመመን ውስጥ ሳለም የኮሎምበስ መርከብ የፒንታ መሪ ነኝ ያለው ሰውዬ መሪውን ይዞ ቆሞ እንዳየ ራሱ ጽፏል። ይህ ከሕመም የተወለደ ባልደረባ ጀልባዋን ሌሊቱን ሙሉ ቢመራለትም፣ ፕሪምና አይብ መደባለቅህ ስሕተት ነው፣ ከየት እንደመጣ ያላወቅኸው ነጭ አይብም አይታመንም ብሎ መገሠጹን አልተወም።