ለአንድ ሜዳሊያ ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ያስፈልጋል?

ከትልልቅ የሩጫ ውድድሮች ማግስት በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ተንቀሳቃሽ ምስል አለ። ገና ትንፋሿ ያልተመለሰላት አትሌት ማይክሮፎን ተደቅኖባት፣ በማታውቀው ቋንቋ ለቀረበላት ጥያቄ ሁለት ሦስት ቃል ትመልሳለች፤ ከምስሉ ሥር ደግሞ የገዛ ወገኖቿ ይሣሣቁባታል። ከሚሥቁት መካከል አገር ቤት ያለው ብቻ ሳይሆን እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ያለው ስደተኛም አለበት፤ ምናልባትም ጎላ ብሎ የሚሰማው የእሱ ሣቅ ነው። ይህን ቋንቋ እየተሸማቀቅን የተማርን ሰዎች ሌላው ሲሰናከልበት ስናይ፣ አፍ አውጥተን ባንናገረውም፣ ከእሱ ከፍ ያልን ይመስለናል። የሚያስገርመው የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ስፖርተኞቻቸውን በዚህ ሚዛን የማይመዝኑ መሆናቸው ነው።

አገር ቤት እንግሊዝኛን የተማርነው በሰዋስው በኩል ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ከአድራጊ ወደ ተደራጊ እየገለበጥን፣ የግሥ እርባታ በቃላችን እየያዝን፣ አንዲት ‘ኤስ’ በመርሳታችን ነጥብ እየተቀነሰብን አድገናል። እንዲህ ያደገ ሰው እንግሊዝ ገብቶ ቅዳሜ ማታ የእግር ኳስ ትንተና መከታተል ሲጀምር ግራ ይጋባል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ የቀድሞ ተጫዋች፣ አገሩ ሁሉ በሚያየው ዝግጅት ላይ፣ ‘ዊ ዎር’ በማለት ፈንታ ‘ዊ ዎዝ’ ይላል፤ ‘ብሪሊያንትሊ’ ማለት ሲገባው ‘ሂ ፕሌይድ ብሪሊያንት’ ብሎ ያልፋል። ካለቀ የቆየውን ጨዋታ ሲተርክ ደግሞ ‘ሂዝ ጎን ፓስት ሂም፣ ሂዝ ሂት ኢት’ እያለ፣ ነገሩ አሁን ዓይኑ ሥር የተፈጸመ ይመስል፣ የእኛ መምህር በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዘውን የግሥ ጊዜ ይደረድራል። ሰሚው ግን የተቀመጠው ተከላካዩ ለምን ቦታውን ለቅቆ እንደወጣ ለመረዳት ስለሆነ ቅር አይለውም። ተንታኙም የተከላካዩን ስሕተት ከማንም ሰዋስው አዋቂ በተሻለ ያስረዳዋል።

የአነጋገር ቅላጼውም እንዲሁ ነው። የቀድሞ ተጫዋቾችና የቴሌቪዥን ተንታኞች ከሆኑት መካከል ጄሚ ካራገር የሚናገረው ተወልዶ ባደገባት፣ ከሊቨርፑል ጎን ባለችው በቡትል ቅላጼ ነው፤ ሮይ ኪን የአየርላንዷን የኮርክን ዜማ አልተወም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከ1986 እስከ 2013 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ማንቸስተር ዩናይትድን ሲመራ፣ ጆሮው ለስኮትላንዷ ለግላስጎው አነጋገር ያልለመደ ጋዜጠኛ ሁለት ጊዜ ለማዳመጥ ይገደድ ነበር እንጂ አሠልጣኙ አንደበቱን ለማለስለስ አልተጨነቀም።

ይህ ነጻነት ግን ከጥንት የነበረ አይደለም። ቢቢሲ በ1926 የአነጋገር ጉዳይ የሚመለከት አማካሪ ኮሚቴ አቋቁሞ አስተዋዋቂዎቹ ቃላትን እንዴት መጥራት እንዳለባቸው ይወስን ነበር። በጥር 1927 አርሰናልና ሼፊልድ ዩናይትድ ያደረጉት ጨዋታ በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ አድማጩ ኳሷ የት እንዳለች እንዲከተል ሜዳው በቁጥር በተከፋፈሉ አራት ማዕዘኖች ተስሎ በሬዲዮ ፕሮግራም መጽሔቱ ላይ ታትሞለት ነበር፤ ገላጩ ዌክላም ግን የተማረውና የደላው መደብ በሚናገርበት እንግሊዝኛ ነበር የሚተርከው። በ1941 ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለው የዮርክሻየር ሰው በሰሜን እንግሊዝ ቅላጼ ዜና ሲያነብ ከአድማጮች ቅሬታ ተነሥቷል። ዛሬ በስፖርት ዝግጅቶች የምንሰማው የቅላጼ ብዛት ከዚያ ወዲህ በብዙ ክርክር የተገኘ ነው።

ክርክሩም አላለቀም። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወቅት የቀድሞዋ የአርሰናልና የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች አሌክስ ስኮት የቢቢሲን ዝግጅት ስትመራ፣ ሎርድ ዲግቢ ጆንስ የተባሉ የቀድሞ ሚኒስትር በቃላት መጨረሻ ላይ ያለውን የ‘ጂ’ ድምፅ ትውጣለች ብለው በአደባባይ ነቀፏት። እሷም የምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ መሆኗን ገልጻ በአነጋገሯ እንደምትኮራ መለሰች፤ የሕዝቡም ድጋፍ ባብዛኛው ወደ እሷ አዘነበለ። ስለዚህ እንግሊዞች በአነጋገር አይናናቁም ብል እዋሻለሁ፤ እንዲያውም ሰው አፉን በከፈተ በቅጽበት የትውልድ ቦታውንና የአባቱን ሥራ የሚገምት ሕዝብ እነሱን የሚያህል አላየሁም። ልዩነቱ ግን እንዲህ ያለው ንቀት በአደባባይ ሲገለጥ የሚያፍረው ነቃፊው እንጂ ተነቃፊዋ አለመሆኗ ነው።

የውጭ ሰዎች ሲሆኑ ነገሩ ይበልጥ ይላላል። ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካፔሎ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን የተረከበው ይህ ነው የሚባል እንግሊዝኛ ሳይኖረው ነበር፤ ሥራው ላይ ከቆየ በኋላም በ2011፣ ስለ ኢኮኖሚ ልናገር ብል አልችልም፣ ከተጫዋቾቼ ጋር ስለ ታክቲክ ለመነጋገር ግን ቢበዛ መቶ ቃል ይበቃኛል ሲል ተናግሯል። ጋዜጦቹ አልማሩትም፤ ይሁንና የተጠየቀው ስለ ውጤቱ ነበር። አርጀንቲናዊው ማርሴሎ ቢየልሳ ከ2018 እስከ 2022 ሊድስ ዩናይትድን ሲያሠለጥን መግለጫ የሚሰጠው በስፓኒሽ ነበር፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ተቀምጦ ረጃጅሞቹን ሐሳቦች አንድ በአንድ ያስተላልፋል፣ የሊድስ ደጋፊም ያመልከው ነበር። ክፉኛ የተሣቀበትስ ማን ነው ቢሉ፣ እንግሊዛዊው ስቲቭ ማክላረን ነው። በ2008 የኔዘርላንዱን ክለብ ትዌንቴን ሲያሠለጥን ለአንድ የደች ጋዜጠኛ የገዛ ቋንቋውን በደች ቅላጼ እየሰባበረ ሲመልስ ታይቶ እስከ ዛሬ መቀለጃ ሆኖ ቀርቷል። ሕዝቡ የሣቀው አስመሳይ በመሰለው ሰው ላይ ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ ነገሩን በመመሪያ ለማሰር ሞክረው አፍረውበታል። የሴቶቹ የጎልፍ ማኅበር ኤልፒጂኤ በ2008፣ ሁለት ዓመት በአባልነት የቆየች ተጫዋች በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ካላለፈች ከውድድር ትታገዳለች የሚል ውሳኔ አሰማ። በጊዜው ከውጭ ከመጡት አባላት መካከል በቁጥር የበረከቱት የደቡብ ኮሪያ ልጆች ስለነበሩ ውሳኔው ማንን እንደሚመታ ግልጽ ነበር፤ ተቃውሞው በርትቶ ማኅበሩ በሳምንታት ውስጥ እገዳውን አነሣ። የቤዝቦል ሊጉ በተቃራኒው ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ሁለት የስፓኒሽ አስተርጓሚዎችን እንዲቀጥር ግዴታ አድርጓል። ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ እንግሊዝኛ እየቻለ እንኳ ለጋዜጠኞች በአስተርጓሚ ይመልስ ነበር። በራስ ቋንቋ በትክክል ማሰብ በሰው ቋንቋ ከመንተባተብ እንደሚሻል ያወቀ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ በተገላቢጦሽ እንየው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የሩጫ ገላጮች የእኛን አትሌቶች ስም ሲጠሩ ሰምታችኋል? በአባት ስም መጠራት እኛ ዘንድ እንደሌለ ለመረዳት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያልበቃቸው ይመስል፣ ደራርቱን ‘ቱሉ’ እያሉ አባቷን ሲያሯሯጡ ይውላሉ። በ2005 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ፣ ብርሃኔ አደሬ ብር፣ እጅጋየሁ ዲባባ ነሐስ ሲወስዱ፣ ‘ዲባባ’ ብሎ የሚጮህ ገላጭ የትኛዋን እኅት እንደሚጠራ አድማጩ በግምት መለየት ነበረበት። ጠ፣ ጸ እና ቀ እንዲወጡላቸው የሚጠብቅ የለም። ይሁንና ሙያው አንደበት የሆነ ሰው፣ የሚገልጻትን የዓለም ሻምፒዮን ስም ተለማምዶ መምጣት ግዴታው ይመስለኛል። እኛ ግን በዚህ ሥቀን አናውቅም። ሣቃችን የሚመጣው ሙያዋ ሩጫ የሆነው ልጅ የእነሱን ቋንቋ ስትስት ነው።

የአገር ቤት ገላጮችም ከዚህ ትዝብት አያመልጡም፤ የምወቅሳቸው ግን ስለ እንግሊዝኛቸው አይደለም። በሬዲዮ ብቻ ጨዋታ ይከታተል የነበረው ትውልድ ሰለሞን ተሰማንና ደምሴ ዳምጤን የሚያነሣው በናፍቆት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ያላየነውን ሜዳ በአማርኛ አሳይተውናል። የሜዳው አማርኛም ድሃ አይደለም፤ ያሻማል፣ ያበርዳል፣ ይጠልዛል፣ አክርሮ ይመታል፣ በግንባሩ ገጭቶ ያወጣል። ከጣሊያን የወሰድነው ቴስታም ቢሆን የራሳችን ከሆነ ቆይቷል። ዛሬ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በአማርኛ ሲተላለፍ ሳዳምጥ ግን ‘ካውንተር አታክ ሊያደርጉ ነው፣ ክሮስ አደረገው፣ ፊኒሺንጉ ዊክ ነበር’ የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ይበዙብኛል፤ ከአማርኛ የቀራቸው ማሠሪያ አንቀጹ ብቻ ነው። ገላጩ እንግሊዝኛ ስላወቀ እግር ኳስ ያወቀ እንዲመስል የሚፈልግ ይመስለኛል፤ አድማጩም ያንኑ ሚዛን ተቀብሎ ያደንቀዋል። አትሌቷ ላይ የሚሣቀውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ስለ አትሌቶቹ ስናወራ የምንረሳው ነገር ደግሞ ብዙዎቹ በአማርኛም እንግዳ መሆናቸው ነው። ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ የኦሮምኛ አገር ናት፤ ከትግራይ ገጠር የሚመጡትም በትግርኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ሲሆን፣ እሱንም ያገኘው በሩቅ ትምህርት ቤት፣ ሮጦ በሚመለስበት መንገድ መካከል ነው። ከኬንያውያን ጋር ማወዳደርም አይገባም፤ እዚያ እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ከታች ክፍል ጀምሮ ይማሩበታል፤ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በመግለጫ አዳራሽ እንደ ፈላስፋ የሚናገረው ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ነው። ከእኛ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያለ አስተርጓሚ እየተጨዋወተ የጋዜጠኞችን ልብ ስለማረከ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በእሱ ሲለኩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው በእግሩ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአስተርጓሚው ጉዳይ ነው። ከውድድር በኋላ በሚደረጉ ቃለ ምልልሶች የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ማናጀር፣ የቡድን መሪ ወይም በአጋጣሚ እዚያ የተገኘ የአገሬ ሰው ነው። አትሌቷ ውድድሩ እንዴት እንደተከፈተ፣ ማን ፍጥነት እንደጨመረ፣ እሷ መቼ ለመውጣት እንደወሰነች በዝርዝር ታስረዳለች፤ ሰውዬው ዞር ብሎ ‘በጣም ደስ ብሏታል፣ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች’ ይላል። የጠፋው ሁሉ ከእሷ እውቀት የተቀነሰ ሆኖ ይመዘገባል፤ ጋዜጠኛውም በማግስቱ ዝምተኛና ዓይን አፋር ብሎ ይጽፋታል። አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ በ29:17.45 ለ23 ዓመት የቆየውን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ስትሰብር ወዲያው የገጠማት የአበረታች መድኃኒት ጥያቄ ነበር፤ መድኃኒቴ ልምምዴና ኢየሱስ ነው ማለቷም ዓለምን ዞረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሚነሣበት አዳራሽ አንድ ቃል ቢዛባ የሚጎዳው የአትሌቷ ስም ነው፤ ቦታው ለበጎ ፈቃደኛ የሚተው አይደለም። ብሔራዊ ቡድን ሐኪምና ወጌሻ ይዞ እንደሚጓዝ ሁሉ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና አማርኛ የሚያውቅ፣ የሩጫንም ነገር የሚረዳ ባለሙያ አስተርጓሚ ይዞ መጓዝ አለበት፤ ከሜዳሊያው ገቢ አንጻር ወጪው የሚወራ አይደለም።

እንግሊዝኛ ለአትሌት ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። የሚያስፈልጋት ካሜራ በሌለበት ቦታ ነው። ከወኪልና ከጫማ ኩባንያ ጋር የምትፈራረመው ውል ባመዛኙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ስንት በመቶ ለማን እንደሚሄድ፣ ብትጎዳ ወይም ብትወልድ ክፍያው ምን እንደሚሆን የሚናገረው አንቀጽ እዚያ ውስጥ አለ። ከፀረ አበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ጋር ያለባት ግዴታም ቀላል አይደለም፤ በምርመራ መዝገብ የገባ አትሌት በየቀኑ አንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጎደለ እስከ ሁለት ዓመት ሊታገድ ይችላል። በአሰላው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልም ሆነ ደመወዝ በሚከፍሉት ክለቦች ለወጣቶቹ እንግሊዝኛ ይሰጥ ከተባለ፣ ከቃለ ምልልስ ልምምድ በፊት የውል አንቀጽ ማንበብና ያልገባቸውን ወረቀት ሳይፈርሙ ‘አስተርጓሚ ይምጣልኝ’ ማለትን ቢማሩ እመርጣለሁ።