የአውራ ጣት አርበኞች

ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች የድል በዓል ዕለት፣ ጎህ ሳይቀድ ስልኬ መንጫጫት ይጀምራል። ይህች አገር ጀግና አይነጥፍባትም! አባቶቻችን አምስት ዓመት በዱር በገደል የተንከራተቱለትን ጉዳይ የዘንድሮው አርበኛ አልጋው ላይ እንደተጋደመ በአውራ ጣቱ ይፈጽመዋል፤ ያውም አንዲት ጥይት ሳያባክን።

ከሁሉ የማደንቀው የሥዕል ምርጫውን ነው። በዓሉ የ1933 ድል ሲሆን እርሱ የሚለጥፈው የ1888ቱን ዓድዋ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ መድፉ ሁሉ ሳይቀር። አርባ አምስት ዓመት ምን አላት? ጠላት እንደሆነ ያው ጣልያን ነው። ፈረሱም ቢሆን አያስወቅሰውም፤ እንግሊዛዊው ዊንጌት ጃንሆይን አጅቦ አዲስ አበባ የገባው በነጭ ፈረስ አይደል?

ደግሞ እንዴት ያለ ርኅሩኅ ነው! ይህችው ሚያዝያ 27 በ1928 የጣልያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባባት ቀን መሆኗን አንስቶ ማንንም አያሳዝንም። ጃንሆይ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ መሄዳቸውን፣ ከተማዋ በዘረፋና በቃጠሎ መታመሷን፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ቀን መመለሳቸውን ማን ይጽፈዋል? ለሥዕሉ መግለጫ ይረዝማል።

አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችውማ መጋቢት 28 ነበር። ጃንሆይ በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ደርሰው ዋና ከተማቸውን ለማየት አንድ ወር ገደማ ፈጀባቸው። ደርግ ይህን ይዞ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። አርበኛችን በእንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ራሱን አያደክምም። የቀን መቁጠሪያው ላይ ቀይ የተቀባውን ካገኘ ይበቃዋል። ቀዩ ቀን እሑድ የዋለ ዓመት ግን አያድርስ! የአገር ፍቅር እንባ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንዱ ወዳጄ አምና ከድሉ ጎን ናፖሊዮንንም ለጥፎ «ዛሬ በታሪክ» አለ፤ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 5 መሞቱን ነግሮት። እኔም አመሌ ነውና ደወልኩለት። ናፖሊዮን በሞተበት ዘመን የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ስለነበር፣ በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ይሆናል አልኩት።

ጥቂት ዝም አለና በደስታ ጮኸ፤ «ተባረክ! ለነገ የምለጥፈው አጥቼ ነበር።»