«ረዳት የለህም እንዴ?»

ጣርማበር ላይ መኪና አቁሜ የፊት መስታወት በምራቄ የወለወልኩ ሰው ነኝ። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን እየወጣሁ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። ደብረ ሲናን አልፈህ ጣርማበር ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል፣ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ጉሙን ደግሞ አትርሱት። የጣርማበር ጉም እንደ ነጭ ጋቢ ድንገት ፊትህ ላይ ይጣላል።

ዝናብ ቢሆን ግድ የለኝም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ራሱ መስታወቱን ያጥባል፣ መጥረጊያው ይጠርጋል፣ ትሄዳለህ። ጉዱ ያለው ካባራ በኋላ ነው። አስፋልቱ ርጥብ ነው። ከፊቴ ያለው ተሳቢ ጭቃውን በጎማው እያነሳ ይረጨኛል። ጭቃ ብቻ መሰላችሁ? ናፍጣ አለበት፣ የጭስ ጥላሸት አለበት፣ ዘይት አለበት። መጥረጊያውን ከፈትኩት። ጠረገልኝ? ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚታሰስ መስታወቱን አሰሰልኝ። ከላይ የሚመጣ መኪና ደግሞ ሙሉ መብራቱን ለቀቀብኝ። በቃ፣ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነች። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ የማውቀው በልምድ ብቻ ነው።

ዳር ይዤ ቆምኩ። የሃይላንዱ ውሃ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

መኪናዬ ኤንትሬ ነው። ፊያት 682። ልጆች ለማታውቁት፦ ጣሊያኖቹ 682ን መሥራት የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ በ1952 ነው። «ኤን» ማለት ናፍታ ነው፣ «ትሬ» ማለት ሦስት። አባቴ በዚህ ዓይነት መኪና አሰብ ተመላልሶበታል። ይኼኛውን ትቶልኝ ነው ያለፈው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳቆመው ሰው ተጠግቶ ፎቶ ይነሳል። «ቅርስ ነው!» ይሉኛል። ቅርስ ከሆነ እኔ የቅርስ ጥበቃ ሠራተኛ ነኛ፣ ደመወዜን ማን ይከፍለኛል?

ሞተሩን አትጠይቁኝ። ጠዋት ተነስቶ እንደ ሽማግሌ ትንሽ ይስላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የሌለው አንድ ነገር ነው፤ መስታወት ላይ ውሃ የሚረጭ ነገር። እኔ ሳውቀው ይኼን ሥራ የሚሠራው ረዳት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። የሃይላንድ ክዳን በምስማር አራት ቦታ ትበሳለህ። ውሃ ትሞላለህ። ሾፌሩ «ውሃ!» ሲል ረዳቱ በመስኮት ወገቡ ድረስ ይወጣል፣ በአንድ እጁ በሩን ይዞ በሌላው ጠርሙሱን ጨምቆ መስታወቱ ላይ ይረጫል። ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል። ግማሹ ራሱ ላይ ይፈሳል። የቀረው መስታወቱን ያገኘዋል።

ረዳቴ የእህቴ ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ እንዲሁ ወጥቶ ሲረጭ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እግሩ ከወለሉ ሲነሳ አየሁት። ቀበቶውን ያዝኩ። አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ የልጁ ቀበቶ ላይ፣ ቁልቁለት። ልጁ ተመልሶ ተቀመጠና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ይኼን ካነበበች ደግሞ አለቀልኝ።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ።

«የመስታወት ውሃ መርጫ ፈልጌ ነበር።»

«ለምንድን ነው?»

«ለኤንትሬ።»

ልጁ ጓደኛውን ጠራው። ጓደኛው ሌላ ሰው ጠራ። ሦስት ሆነው አዩኝ። «ለኤንትሬ? የመስታወት ውሃ? ረዳት የለህም እንዴ?»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። አራት ሱቅ ገባሁ፣ አራቱም ይቺኑ አሉኝ። አንዱማ ጨምሮልኝ «ጋሼ፣ ጥሩንባው ይሠራል አይደል? እሱ ይበቃል» አለ። ለፍሬን ሸራ ብትጠይቅ ቁም ነገር ነው። ለባትሪ ብትጠይቅ ወንበር ያቀርቡልሃል። ለማየት የሚረዳ ነገር ብትጠይቅ ግን ቅንጦት ፈላጊ ነህ። ሽቶ የጠየቅኩ ነው የመሰለኝ። ሰው ሳያይ እንዴት ነው የሚነዳው? እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ!

አዲስ አበባ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ ገብቼ ከትንሽ የቤት መኪና የተፈታ ፖምፓ ገዛሁ። ሻጩ «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ዕቃ ለማንም እንደማይሆን በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ ነበረብኝ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ወሰድኩት። ገጠመው። ማብሪያውን ስጫን ውሃው መስታወቱን አልፎ፣ ጋቢናውን ዘሎ ሽንኩርቱን አጠጣው። ደስታዬን አልነግራችሁም። ልጁ ሁሉ አጨበጨበ። ሦስት ቀን እንዲህ ስንምነሸነሽ ከረምን። በአራተኛው ቀን ጠርር አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ዝም አለ።

ለካ የቤት መኪናው ፖምፓ የ12 ቮልት ነው። የእኔ መኪና ሁለት ባትሪ በተርታ የታሰረለት የ24 ቮልት ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን በሞተሩ ላይ የሚወርደው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሽንኩርት ያጠጣው ጉልበት የሞት ጉልበት ነበር ማለት ነው። ሠራተኛው ይኼን አያውቅም? ያውቃል! «አውቄ ነበር፣ ግን ጥቂት ጥቂት ብቻ የምትነካው መስሎኝ» አለኝ። እንግዲህ ጣርማበርን በጥቂት ጥቂት እለፈው።

ሁለተኛው ዘዴ ከመጀመሪያው ይብሳል። «ችግር የለም፣ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 እንወስዳለን» አለኝ። ብልህ ነው አልኩ። ሌላ ፖምፓ ገዛሁ። በዚያው መስመር ላይ ሬዲዮኑን፣ የስልክ ቻርጀሩንም ደረበልኝ። ሠራ። ሁለት ወር ቆየ።

አንድ ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ቁልፍ ባዞር ጨክ። ደግሜ ባዞር ጨክ። ምን ሆኖ ነው? ሁለቱ ባትሪዎች አብረው ነው ቻርጅ የሚሆኑት፣ እኩል ነው የሚጎርሱት። እኔ ግን አንዱን ብቻ ሳልበው ከርሜያለሁ። የታለበው ሁልጊዜ እንደጎደለ ያድራል። ያልተነካው ደግሞ ከአቅሙ በላይ እየጎረሰ ውሃው ፈልቶ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በጥጋብ፣ ሁለቱም ሞቱ። ሁለት የከባድ መኪና ባትሪ ስንት እንደሚገዛ የምታውቁ ከእኔ ጋር አልቅሱ። ለጠርሙስ ውሃ ብዬ!

ቱቦውን ደግሞ ልንገራችሁ። ረዥም ቱቦ ጠፋ ተብሎ የጉሉኮስ ቱቦ ገጠሙልኝ። አዎ፣ የሕክምናውን። መኪናው ታሞ የተኛ መሰለ። ቱቦው ቀጭን ነው፣ ሞተሩ አጠገብ ሲያልፍ በሙቀት ልስልስ ብሎ ይጣበቃል። ማጠራቀሚያው የዘይት ጄሪካን ነው፣ ከጋቢናው በታች የታሰረ። መስታወቱ ደግሞ እላይ ነው። ማብሪያውን በለቀቅክ ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ተመልሶ ጄሪካን ይገባል። በሚቀጥለው ስትጫን ፖምፓው መጀመሪያ አየር ነው የሚገፋው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት እስክቆጥር ጠብታ የለም። ሰባት ሰከንድ ሳታይ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ትቻለሁ። መፍትሔው ቱቦው መሃል የምትገባ፣ ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ የምታግድ የአውራ ጣት የምታህል ቫልቭ ናት። ይቺን ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ኅዳር መጣ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። ውሃው የሚወጣባት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ናት። እሷ ውስጥ የቀረችው ጠብታ በረዶ ሆና ትዘጋዋለች። የዱቄት ሳሙና ጨምሬበት ስለነበር ደግሞ እሱም ደርቆ ደፍኖታል። በነገራችን ላይ የዱቄት ሳሙና አትጨምሩ። አረፋው ሳይሆን ዝቃጩ ነው ጠላት። ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ይበቃል።

በረዶውን ምን ላድርገው? አንዲት ጎረቤቴ መላ ነገሩኝ። አረቄ! እውነታቸውን ነው፣ አልኮል ቶሎ አይረጋም። ፈረንጆቹም ለብርድ በሚሸጡት የመስታወት ውሃ ውስጥ አልኮል ነው የሚጨምሩት። ጄሪካኑ ላይ አንድ ጠርሙስ የቤት አረቄ ደፋሁበት። ሠራ! ማለዳ ስጫን ፍስስ ብሎ ወጣ። ችግሩ ግን ጋቢናው አረቄ ቤት አረቄ ቤት ሸተተ።

ጫጫ አካባቢ ትራፊክ አስቆመኝ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ሽታው ቀድሞኝ ሰላም አለው።

«ጠጥተሃል?»

«ኧረ በእመብርሃን አልጠጣሁም። የጠጣው መኪናው ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። ቀልድ የያዝኩ መሰለው። «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ በልልኝ» ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩ። መስታወቱ ላይ ተረጨ። በጣቱ ነካ፣ አሸተተ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ እሱንም አስሸተተው። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ለቀቁኝ። እኔ ግን ልቤ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ሸኖ ስደርስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ። ይኼ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ አንድ ሲኖ ትራክ የሚነዳ ልጅ ደብረ ሲና ቁርስ ስንበላ ብሶቴን ሰማኝ። «ጋሼ፣ የሲኖ ለምን አትገጥምም? 24 ነው እኮ» አለኝ። እኔ እንጀራዬን ጨብጬ ቀረሁ። መንገዱ ሁሉ ሲኖ ነው! የተጋጨውና የተፈታው በየቦታው ተኝቷል። ማጠራቀሚያው ከነፖምፓው 24 ቮልት ሆኖ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። 24ን ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አይፈልግ፣ ከአንዱ ባትሪ ብቻ መውሰድ አይፈልግ። ያን ሁሉ ሱቅ ስዞር፣ ያን ሁሉ ሠራተኛ ስለምን፣ አንድ ሰው ይቺን ሊነግረኝ አልቻለም? ግማሾቹ እኮ ጀርባቸው ላይ ባለው መደርደሪያ የሲኖ ዕቃ ደርድረው ነው «ረዳት የለህም እንዴ» ያሉኝ!

ገዛሁ፣ ራሴ ገጠምኩ። ማሳውን፣ ማለት የኔጌቲቩን ሽቦ፣ ቀለሙን ፍቄ ንጹሕ ብረት ላይ አሰርኩ፣ ለፖምፓው የራሱን ፊውዝ ሰጠሁት። ጎረቤት ያለ ብየዳ ቤት ማጠራቀሚያውን የሚይዝ ብረት ሠራልኝ። የጉሉኮሱን ቱቦ በወፍራም ላስቲክ ቀየርኩ። ቫልቯን መስታወቱ አጠገብ አስገባኋት። መርጫዎቹን በመርፌ እያዞርኩ አነጣጠርኳቸው። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግማሽ ቀን! ዓመት ሙሉ የተንከራተትኩት ለግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«አዲስ አይሱዙ ለምን አትገዛም?» የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ብሩን ላኩልኝና እገዛለሁ።

ትናንት ጣርማበርን በጉም ወጣሁት። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በቆየበት ጊዜ የቆፈረው ዋሻ ጋ ስደርስ አንድ ተሳቢ ጭቃውን አለበሰኝ። ተጫንኩ። ሳልቆጥር መጣ። መስታወቱ ጠራ። የእህቴ ልጅ የተበሳውን ሃይላንድ አሁንም ጉልበቱ ላይ ይዞታል። «ምን ታደርግበታለህ?» አልኩት። «ልማድ ነው ጋሼ» አለኝ።

መስታወቱ ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የመጥረጊያው ላስቲክ ተቀዷል። ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ።

«የመጥረጊያ ላስቲክ ፈልጌ ነበር።»

«ለምንድን ነው?»

«ለኤንትሬ።»

ልጁ ጓደኛውን ጠራው።